ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ኪሎው

የፈሳሽ ፍግ ቦቴ ሊገዛ የተነሣ የአየርላንድ ገበሬ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር ይታወቃል። «ይህን ለመጎተት ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ይበቃኛል?» ይላል። ሻጩም ቁጥሩን ይነግረዋል፤ 2,000 ጋሎን ለሚይዝ ቦቴ ከ100 እስከ 120 የፈረስ ጉልበት ማለት የተለመደ መልስ ነው። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም። ጥያቄው ግን ነገሩን ከጭራው ይይዘዋል። የፈረስ ጉልበት የሚነግረን ጭነቱ ዳገቱን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ ነው። ጭራሹን መውጣት መቻል አለመቻሉ የሚወሰነው በአብዛኛው በትራክተሩ ክብደት ነው፤ ከወጣ በኋላ በደኅና መውረዱ ደግሞ በፍሬኑ። ስለዚህ ቦቴና ትራክተር ሲጣመሩ መጀመሪያ ኪሎው፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ጉልበቱ መጨረሻ ላይ መታየት አለበት እላለሁ። ጉዳዩ የአውሮፓ ወተት አምራቾች ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ውኃም ሆነ እህል በትራክተር በሚጎተትበት አገር ሁሉ ሒሳቡ ያው ነው።

በእኛ አገር እበት ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ወይም ከገለባና ከአመድ ጋር ተደባልቆ ወደ ጓሮ ይወጣል። አየርላንድ ውስጥ ግን ከብቶቹ ክረምቱን በሙሉ በረት ይከርማሉ። ወለሉ ክፍተት ያለው ኮንክሪት ስለሆነ እበቱም ሽንቱም አብሮ ሥር ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል፤ እዚያም ወፍራም ፈሳሽ ሆኖ ይጠራቀማል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የናይትሬት መመሪያ ይህ ፈሳሽ ወንዝና የጉድጓድ ውኃ እንዳይበክል ስለሚያስገድድ፣ በአየርላንድ ከመጸው ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ በመሬት ላይ መርጨት ክልክል ነው። ገበሬው እንደየአካባቢው ከ16 እስከ 22 ሳምንት የሚሆን ፍግ ማጠራቀሚያ ሊኖረው ይገባል። እገዳው ሲነሣ ጉድጓዱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሣሩ ማዳበሪያ ይጠብቃል፤ መሬቱ ግን በዝናብ ርሶ እንደ ጨቀየ ነው። ከባዱ ቦቴ ወደ ማሳ የሚወጣው እንግዲህ መሬቱ ጎማ ለመሸከም በማይመችበት በዚያ ሰሞን ነው። የጉልበትና የክብደት ጉዳይ በሌላ እርሻ ሥራ ላይ ያን ያህል ሳያስቸግር በፈሳሽ ፍግ ላይ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን ከቦቴው እንጀምር። አየርላንዶችና እንግሊዞች ቦቴን እስካሁን በጋሎን ነው የሚጠሩት፤ የእነርሱ ጋሎን 4.546 ሊትር ነው። ስለዚህ ባለ 2,000 ጋሎኑ 9,000 ሊትር ከፍ ያለ ይይዛል። ፈሳሽ ፍግ እንደ ውኃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጭነቱ ብቻ 90 ኩንታል ነው። ላሜራው፣ ጎማው፣ አክስሉና ፓምፑ ተደምረው ባዶው ቦቴ ሦስት ተኩል ቶን ያህል ይመዝናል ብንል፣ ትራክተሩ የሚጎትተው 12.5 ቶን ይሆናል። ትራክተሩ ራሱ 6 ቶን ቢሆን ጠቅላላው 18.5 ቶን ደረሰ። ይህን ቁጥር አጥብቀን እንያዘው፤ ቀሪው ነገር ሁሉ የሚነሣው ከእርሱ ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ገዢ ጋሎኑን እያወቀ ይህንን ቁጥር ግን አያውቀውም። ባዶውን ቦቴ ሚዛን ላይ አውጥቶ ያየ ጥቂት ነው።

አሁን መቶ ሜትር ተኬዶ አሥር ሜትር ከፍ የሚል የአስፋልት ዳገት እናስብ። 18.5 ቶኑን ወደ ኋላ የሚስበው የዳገቱ ኃይል አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 1.85 ቶን ነው። ጎማ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ መቶ ላይ ሦስት ያህል ስለሆነ ሌላ 0.55 ቶን ይጨመራል። በጠቅላላው 2.4 ቶን ጉተታ ያስፈልጋል። አንድ የፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ ክብደትን በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ማንሣት ማለት ነው፤ በዚህ ስናሰላው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይጠይቃል። ሞተሩ 120 ቢሆንና በማርሽ ሣጥን በኩል ሲያልፍ ከመቶ 15 ቢባክን በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ከፍ ባለ ፍጥነት ይወጣል። ባለ 80ው ደግሞ በ7 ተኩል ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። አንድ ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዳገት ላይ ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ደካማው ሞተር ማርሽ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ጉልበት ጊዜ ይገዛል፤ ለብዙ ሺህ ጋሎን ሥራ ጊዜ ዋጋ እንዳለውም አልክድም። ግን የሚገዛው ጊዜን ነው።

ያው ጥምረት ከአስፋልቱ ወርዶ ያንኑ ያህል ዳገት ባለው ርጥብ የሣር መሬት ላይ ሲገባ ሌላ ነገር ይመጣል። ለስላሳ መሬት ጎማን ስለሚውጥ የመንከባለል ተቃውሞው ወደ መቶ ላይ አሥር ያድጋል። ከዳገቱ ጋር ሲደመር የሚያስፈልገው ጉተታ 3.7 ቶን ነው። ትራክተሩ ይህን ኃይል መሬት ላይ የሚያሳርፈው በጎማው በኩል ብቻ ሲሆን፣ ጎማው ሳይንሸራተት የሚሰጠው ጉተታ በላዩ ያረፈው ክብደት ክፍልፋይ ነው። በደረቅ ሣር ከክብደቱ ስድስት አሥረኛ፣ በርጥብ ሣር አራት አሥረኛ ያህል ብንወስድ ከእውነቱ አንርቅም። አራቱም ጎማ የሚገፋ ትራክተር 6 ቶኑ፣ ከትራክተሩ ጋር ከሚያያዘው የቦቴው ምሳሶ የሚያርፍበት 1.5 ቶን ተጨምሮ፣ 7.5 ቶን በጎማው ላይ አለው። በደረቅ ቀን 4.5 ቶን ይጎትታል፤ ያለ ችግር ይወጣል። በርጥብ ቀን 3 ቶን ላይ ያበቃለታል፤ ጎማው ባለበት እየዞረ ሣሩን ይገሽልጠዋል። ሞተሩ 120 ቢሆን፣ 150 ቢሆን፣ 200 ቢሆን መልሱ አይለወጥም። ትርፉ ጉልበት ጎማውን ይበልጥ ከማሽከርከር በቀር የሚሠራው ሥራ የለውም።

ይህን የሚያባብስ ሌላ ነገር አለ፤ ፈሳሽ ጭነት አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቦቴው ግማሽ ሞልቶ ዳገት ሲወጣ ፍጉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከአክስሉ በስተኋላ ያለው ሲከብድ ምሳሶው ወደ ላይ ይቀላል፤ ትራክተሩ የኋላ ጎማው ላይ ይተማመንበት የነበረው 1.5 ቶን እየሳሳ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ክብደት በሚፈልግበት ቅጽበት ክብደቱን ያጣል ማለት ነው። ደኅና ቦቴ በውስጡ ቀዳዳ ያላቸው የላሜራ ግድግዳዎች የሚኖሩት ይህን ሩጫ ለመግታት ነው፤ ግድግዳ የሌለውን በርካሽ የገዛ ሰው ያተረፈውን ገንዘብ ዳገቱ ላይ ይከፍለዋል። በዚህ ላይ ዛሬ የአየርን ብክለት ለመቀነስ ሲባል በቦቴው ጀርባ የሚገጠመው መርጫ አለ። ፍጉን ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ በቱቦ መሬት ድረስ አውርዶ ያፈስሰዋል፤ አሞኒያው ተንኖ እንዳይጠፋ ስለሚያደርግ ለአፈሩም ለጎረቤትም የሚበጅ መሣሪያ ነው፤ አጥብቄም እደግፈዋለሁ። ግን አንድ ቶን የሚመዝን መርጫ ከአክስሉ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ቢንጠለጠል፣ መጎተቻው ደግሞ ከአክስሉ አምስት ሜትር ወደ ፊት ቢሆን፣ ከምሳሶው ላይ 600 ኪሎ ያነሣል። ጠቅላላውን ክብደት በአንድ ቶን ጨምሮ የትራክተሩን መቆናጠጫ ይቀንሳል። ትናንት ይበቃ የነበረ ትራክተር መርጫው በተገጠመ ማግሥት ላይበቃ የሚችለው ለዚህ ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ግን ያው ነው።

የፈረስ ጉልበት የሚያሳስትበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት የትራክተር አሠራር ነው። ዛሬ አንድ አምራች አንዱን የትራክተር አካል በሦስት ወይም በአራት የጉልበት ደረጃ ይሸጣል። 115 የሚለውና 145 የሚለው ጎን ለጎን ቢቆሙ ሻንሲያቸው፣ አክስላቸው፣ ብዙ ጊዜም ፍሬናቸው አንድ ነው፤ ክብደታቸውም ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው ነዳጅ የሚመጥነው ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው። ጉልበት ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው 30 የፈረስ ጉልበት ጨምሮ ትልቅ ቦቴ መሸከም የሚችል ይመስለዋል። የጨመረው ግን ወደ ላይ የሚወጣበትን ፍጥነት ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ የሚይዘው ያው የቀድሞው ፍሬን ነው።

ወደ ቁልቁለቱ ስመጣ ድምፄን ከፍ ማድረግ አለብኝ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ያንኑ አሥር ከመቶ የሆነውን አስፋልት 18.5 ቶን ይዘን አንድ ኪሎ ሜትር እንውረድ። የመንከባለል ተቃውሞው የያዘውን ቀንሰን፣ ፍሬንና ሞተር ተጋግዘው ወደ ሙቀት መለወጥ ያለባቸው ኃይል 38 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ነው። ቦቴው የሚሠራ ፍሬን ካለው ይህ ሙቀት በብዙ ጎማዎች ይከፋፈላል። ከሌለው፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከሚይዘው በቀር፣ ሁሉም በ6 ቶኑ ትራክተር ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል መያዝ ይቀንሳል፤ ሾፌሩ አጥብቆ ይረግጣል፤ ይብስ ይግላል። መንገዱ ርጥብ ከሆነና ጠመዝማዛ ካለበት ደግሞ ትራክተሩ ሲዘገይ ያልዘገየው 12.5 ቶን ከኋላ ይገፋዋል፤ የትራክተሩን ጀርባ ወደ ጎን ወስዶ ያዞረዋል። እዚያ ላይ ከደረሰ በኋላ ሾፌሩ ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ በወጣበት ማርሽ መውረድን የሚያውቀው ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው። ትራክተር ነጂ ግን ብዙ ጊዜ የዚያ ዓይነት ሥልጠና የለውም።

ፍጥነት ነገሩን በእጥፍ ያከብደዋል። የድሮ ትራክተር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው፤ የዛሬው በቀላሉ 40 ይሄዳል። ከ25 ወደ 40 ሲያድግ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ሕግ አውጪዎችም ከዚሁ ጋር ሲታገሉ ቆይተዋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 የትራክተር ፍጥነት ጣሪያን በሰዓት ከ32 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ስታደርግ፣ ትራክተርና ተጎታች ተደምረው ሊመዝኑ የሚችሉትን ከ24.39 ወደ 31 ቶን አሳደገች፤ የተጎታቹን ብቻ ግን በ18.29 ቶን አቆመችው። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ባለ 3,000 ጋሎን ቦቴ እንውሰድ። ጭነቱ 13.6 ቶን ነው፤ ባዶው 5 ቶን ቢመዝን 18.6 ይሆናል። ጢም አድርጎ ሞልቶ አስፋልት ላይ የወጣ ሰው ምንም ያህል ብርቱ ሞተር ቢኖረው የገደቡ አፋፍ ላይ ነው። አየርላንድም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ የእርሻ ተሽከርካሪዎችን ክብደት፣ ፍሬን፣ መብራትና ፍጥነት የሚመለከት የተሻሻለ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች፤ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚነዱት የሚጠየቀው ፍሬን ጠንከር ያለ ነው። ሁለቱም አገሮች ገደብ ያበጁት በክብደት፣ በፍጥነትና በፍሬን ነው።

«አባቴ በ70 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ሠላሳ ዓመት ፍግ አመላልሷል፤ አንድም አደጋ አልደረሰበትም» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ አባትየው የሚጎትተው ግን 1,100 ጋሎን ነበር። ይህም 5 ቶን ጭነት ነው፤ ቀጭኑ ባዶ ቦቴ ሲጨመርበት ከ7 ቶን አያልፍም፤ ፍጥነቱም የዛሬው ግማሽ ከፍ ቢል ነው። እኛም አገር ስሙ የሚታወቀው ማሴ ፈርጉሰን 135፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ሲመረት የነበረው፣ ጉልበቱ 45 ገደማ ክብደቱም አንድ ተኩል ቶን ያህል ነበር። በዚያ ላይ ማንም 9,000 ሊትር ለማንጠልጠል አያስብም ነበር፤ ትንሽነቱ ራሱ ባለቤቱን ከድፍረት ይጠብቀው ነበር። የዛሬው ሞተር ያን ልጓም አንሥቶታል። እጥፍ የሚጠጋ ክብደት በላቀ ፍጥነት ሊነዳ የሚችል ልጅ የአባቱን ልምድ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ «እንግዲያው ከሁሉ የከበደውን ትራክተር እንግዛ» የሚለው ነው። ክብደት መልካም ከሆነ ብዙ ክብደት አይሻልም ወይ? አይሻልም፤ የሚከለክለን አፈሩ ነው። ጎማ መሬትን ሲጫን የላይኛውን አፈር የሚጎዳው በአመዛኙ የጎማው የአየር ግፊት ነው፤ ጠለቅ ያለውን አፈር የሚደፈጥጠው ግን እያንዳንዱ ጎማ የተሸከመው ክብደት ነው። የላይኛው በማረሻም በበረዶም በሥርም ይላላል። ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች የተደፈጠጠው ግን ለብዙ ዓመታት አይመለስም፤ ውኃ አያሰርግም፤ ሥር አያስገባም። ሰፊ ጎማ ገጥሞ ግፊቱን ወደ አንድ ባር ማውረድ ለላይኛው አፈር ይረዳል፤ ለታችኛው ግን መድኃኒቱ ኪሎ መቀነስ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ቦቴው ትራክተሩን ይምሰል እንጂ ትራክተሩ ቦቴውን ተከትሎ ይደግ አይደለም። 6 ቶን ትራክተር ያለውና ተዳፋት መሬት የሚያርስ ገበሬ ባለ 2,000ውን ትቶ ባለ 1,300ውን ቢገዛ ጭነቱ ከ60 ኩንታል በታች ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ የሚሄደውን ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ግን ርጥቡን ዳገት የመውጣት ዕድሉ ይሰፋል፤ ቁልቁለቱንም ይይዛል። ማሳው ለጉድጓዱ ቅርብ ከሆነም ጭራሹን ቦቴ የማያስፈልግበት መንገድ አለ። ፍጉን ከጉድጓዱ በፓምፕ ገፍቶ በረጅም ቱቦ ትራክተሩ ድረስ ማምጣት ይቻላል፤ ትራክተሩ መርጫውን ብቻ ይዞ ቱቦውን ይጎትታል። 90 ኩንታሉ መሬቱ ላይ አይወጣም። በርጥብ አገር ይህን ያህል ብልህ መላ አላውቅም።

የፈረስ ጉልበት ወገኖችም ሐቅ አላቸው። ቦቴው ፍጉን የሚስበውና የሚገፋው በአየር ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ኃይሉን የሚያገኘው ከትራክተሩ ጀርባ በሚወጣው ተሽከርካሪ ዘንግ ነው። ሾፌሩ ዳገት እየወጣ የሚረጭ ከሆነ ሞተሩ ጎማውንም ፓምፑንም በአንድ ጊዜ መመገብ አለበት። ጉድጓዱን የሚያማስለው መሣሪያም ጉልበት ይበላል። አቅሙ የተሟጠጠ ሞተር ቀኑን ሙሉ እያቃሰተ ሲሠራ ነዳጅም ዕድሜም ያቃጥላል። ስለዚህ ሻጩ የሚሰጠው 100 ወይም 120 የሚል ቁጥር መናቅ የለበትም። ልናየው የሚገባን ግን ክብደቱና ፍሬኑ ከተረጋገጡ በኋላ ነው። 120 የፈረስ ጉልበት ያለው 4 ተኩል ቶን ትራክተርና 120 የፈረስ ጉልበት ያለው 6 ቶን ትራክተር በሻጩ ሠንጠረዥ ላይ እኩል ናቸው፤ ርጥብ ዳገት ላይ ግን እኩል አይደሉም።

መልሱን ለማግኘት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በአውሮፓ በሚሸጥ ትራክተር አካል ላይ በብሎን ወይም በሪቬት የታሰረች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። አምራቹ የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ እያንዳንዱ አክስል የሚሸከመው፣ መጎተቻው ላይ ሊያርፍ የሚችለው ቁልቁል ጭነት፣ ሊጎተት የሚችለው ክብደትም ተጽፎባታል። የሚጎተተው ክብደት በአንድ ቁጥር አይደለም የተጻፈው፤ ፍሬን ለሌለው ተጎታች አንድ፣ ፍሬን ላለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ ያነሰ ነው፤ ያ ልዩነት የዚህን ጽሑፍ ክርክር በሙሉ ይዟል። ቁልቁል ጭነቱም ቸል የሚባል አይደለም። ከኋላ አክስሉ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ያረፈ 2 ቶን፣ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ሁለት ሜትር ተኩል ባለው ትራክተር ላይ፣ ከፊት ጎማው 800 ኪሎ ያነሣል። ፊቱ የቀለለ ትራክተር መሪው አይታዘዝም። ከፊት የብረት ክብደት ማንጠልጠል ያንን ያስተካክለዋል፤ እርሱም ቢሆን ሰሌዳዋ የፈቀደችው ድረስ ብቻ ነው።

እኛም አገር ውኃ በትራክተር ተጎትቶ ወደ እርሻና ወደ መንገድ ግንባታ ይሄዳል። 5,000 ሊትር ውኃ 50 ኩንታል ነው፤ ብረቱ ሲጨመር 6 ተኩል ቶን ይሆናል። 3 ቶን የሚመዝን ትራክተር ይህን ፍሬን በሌለው ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ፣ 9 ተኩል ቶን በ3 ቶን ትራክተር ፍሬን ተይዟል ማለት ነው። ሰፈራችሁ ደጋ ከሆነ፣ መንገዳችሁም ተዳፋት ከሆነ፣ ቦቴውን ከማሠራታችሁ በፊት ባዶውን ሚዛን ላይ አውጡት፤ በሊትሩ ልክ ኪሎ ደምሩበት፤ የትራክተራችሁን ሰሌዳ ጠርጋችሁ አንብቡ። የሚበየደው ብረት ላይ ፍሬን እንዲገጠም ጠይቁ፤ የሚገጥመው ከጠፋ መጠኑን አሳንሱት። የፈረስ ጉልበቱን ከዚያ በኋላ ጠይቁ።